ላይቩ ዴንቨር፣ ዳፋው ማራኪ

ውጭ ሆኖ በቲክቶክ ወይም በዩቲዩብ ስሙ የገነነ የጎንደር ልጅ የዝናውን ዳፋ ብቻውን አይሸከምም። እሱ ዴንቨር ሥራ ውሎ ማታ ላይቭ ይገባል፤ ሲነጋ የሚንኳኳው ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ያለው የእናቱ በር ነው። የታመመው የሐኪም ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፣ ኪራይ ያጠረው ይመጣል፣ ላይቩ ላይ በተነገረ ቃል የተቀየመም ይመጣል። ጥንቃቄው ከዚያ ደጅ መጀመር አለበት።

ብዙ ምስጢር የሚወጣው በጨዋታ መሀል ነው። "የት ሰፈር ነህ?" ሲባል ቤቱን ከነምልክቱ መናገር፣ እናትን በቪዲዮ ጥሪ ማስገባት፣ የተጀመረውን ፎቅ ማሳየት። ለየብቻ ምንም አይመስሉም፤ ሲገጣጠሙ የቤተሰቡን አድራሻና አቅም ይናገራሉ። እገታ የሰው ሁሉ ስጋት በሆነበት በዚህ ጊዜ ይሄ የሕይወት ጉዳይ ነው። ፎቶ በቴሌግራም በፋይል መልክ ሲላክ የተነሳበት ቦታ መረጃ አብሮት ሊሄድ ይችላል፤ ስለዚህ ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ለካሜራው የተሰጠውን የሎኬሽን ፈቃድ መዝጋት ነው። ቲክቶክ ላይም ፕራይቬሲ ገብቶ ኮንታክት ማመሳሰሉን ማጥፋት።

ቀጥሎ አስመሳዮች ይመጣሉ። ፎቶውንና ስሙን ገልብጠው ለአክስቱ ይጽፋሉ፦ "እታለም፣ ብር ልኬልሽ ነበር፣ በሜሴጅ የመጣልሽን ቁጥር ንገሪኝ።" ቁጥሩ የቴሌግራሟ መግቢያ ኮድ ነው። ከሰጠች አካውንቱ ሄደ፤ በእሷ ስም ደግሞ ዘመድ ሁሉ ብር ይጠየቃል። በቤቱ ባለ ስልክ ሁሉ ላይ ከኮዱ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን ሁለተኛ ማረጋገጫ ማብራት ያስፈልጋል፤ ይሄን የሰፈር ወጣት በደቂቃ ይጨርሰዋል። ድምፅም በኮምፒውተር ይመሰላልና፣ ብር ሲጠየቅ የሚነሳ አንድ የቤተሰብ ጥያቄ ይኑር። መልሱ ላይቭ ላይ ተነስቶ የማያውቅ ይሁን፣ ለምሳሌ ድሮ ቤት የነበረች ላም ስም።

የእርዳታ ጥያቄው ከሁሉ ይከብዳል፤ ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ እውነተኛ ችግረኛ ነው። እናት ዳኛ እንድትሆን መተው ግን ግፍ ነው፤ እምቢ ብትል ከእድርተኞቿና ከጎረቤቷ ጋር የምትኖረው እሷ ናት። ጉዳዩን የሚያይ ሌላ ሰው ይሰየም፣ እሷም "ለእሱ ንገሩ" ብላ ትገላገል። ለሕክምና ከሆነ የሆስፒታል ካርድ ቁጥር፣ ለውጭ ሕክምና ከሆነ የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ይጠየቅ፤ ክፍያውም በደረሰኝ ለሆስፒታሉ ይግባ። በኢንተርኔት መዋጮ የሚሰበሰብበት ጎፈንድሚ በኢትዮጵያ ባንክ ብር አያወጣም። ገንዘቡ የሚያርፈው ውጭ ባለ ሰው አካውንት ነውና፣ ያ ሰው ማን እንደሆነ፣ ስንት እንደገባና ለማን እንደተላከ ካልተገለጸ ሐሜቱ በዓመትም አያልቅ።

ለጥምቀት ሲመጣስ? የበረራውን ቀን አንድ ዘመድ ብቻ ይወቅ፣ አዘዞ ኤርፖርት የሚቀበለውም እሱ ይሁን። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ መንገዱ ጢም ይላል፤ አንዱ "እሱ ነው!" ካለ የሴልፊው ግፊያ ሕፃንና ሽማግሌ ይረግጣል። በ2012 ዓ.ም. እዚያው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ሰው ሞቷል። ስለዚህ ፎቶ የሚለምኑትን ከመቀመጫዎቹ ራቅ ወዳለ ገላጣ ቦታ መውሰድ እንጂ ባሉበት መቆም አይገባም።

አዝማሪ ቤት ደግሞ ሌላ ነው። ገና ከመቀመጡ ስሙ ይጠየቃል፣ ቀጣዩ ግጥም የእሱ ነው፤ ስሙ፣ ከየት እንደመጣ፣ የማን ልጅ እንደሆነ በማሲንቆ ይወርዳል። ሽልማቱን አዝማሪው ግንባር ላይ ሲለጥፍ ዙሪያው ስልክ ብቻ ነው። አስቀድሞ አዝማሪውን ጠጋ ብሎ የክርስትና ስሙን ብቻ መንገር ይቻላል። ጨዋታ አዋቂዎች ናቸው፣ ባለጉዳይ የጠየቃቸውን ያከብራሉ።

ቪዲዮው ከጎንደር ከወጡ በኋላ ይለጠፍ። የአጎትና የአክስት ልጆችም ያነሱትን እስከዚያ እንዲያቆዩ በመጀመሪያው ቀን፣ ቡና ላይ ሳሉ፣ መለመን ያስፈልጋል።