ፒኑስ ቀላል ነበር፤ ያንከራተተኝ የልደት ቀኔ ነው

የሚስጥር ቁጥሩ የጠፋበት ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ጭንቅላቱን ነው። "አረጀሁ እንዴ?" ይላል። ግን ፒን ማስቀየር ራሱ ምንም አይደለም። ሰውን የሚያንከራትተው አካውንቱ ሲከፈት ስለ ባለቤቱ የተመዘገበው ነገር ነው። ይህን ቀደም ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ በጅማና በአጋሮ መካከል የሚኒባስ ወንበር ሳሞቅ አልከርምም ነበር።

ነገሩ የጀመረው ስልክ ስቀይር ነው። በአሮጌው ስልኬ የባንኩን አፕ የምከፍተው በጣት አሻራ ነበር። ከዓመት በላይ ፒን ነክቼ አላውቅም። አዲሱ ስልክ ላይ አፑን ስጭን አሻራዬን ከየት ያምጣው? ፒን አስገባ አለኝ። ይሆናል ያልኩትን ሞከርኩ፣ ሌላም ሞከርኩ፣ ተቆለፈ። አሻራ የሚጠቀም ሁሉ ይህ ይጠብቀዋል። ጣት ሲሠራ ጭንቅላት ያርፋል። አልፎ አልፎ ሆን ብላችሁ ፒኑን በእጃችሁ አስገቡ።

የደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። ሙዚቃውን በደንብ አጠናሁት። በመጨረሻ አንዲት ትሁት ልጅ አነሳች። ሙሉ ስም ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። የእናት ስም፣ ነገርኳት። የልደት ቀን?

"መስከረም 15 ቀን 1982።"

"በፈረንጅ ይንገሩኝ።"

"ሴፕቴምበር 25፣ 1989።"

ዝም አለች። የኪቦርድ ድምፅ ይሰማኛል። "ይቅርታ ውድ ደንበኛችን፣ የሰጡን መረጃ አይዛመድም። ቅርንጫፍ ይቅረቡ።" የቱ ነው የማይዛመደው? "ለደህንነትዎ ሲባል መናገር አንችልም።" እውነቷን ነው፤ ቢነግሩ ሌባም ደውሎ ይጠይቃል። ግን የገዛ ልደቴን ተሳስተሃል ተብዬ ስልኩ ሲዘጋ ደስ አላለኝም።

ቅርንጫፍ ሄድኩ። ሲስተም የለም። ይህን እንኳ ለምጄዋለሁ፤ ጅማ ላይ ዝናቡ ሲመጣ ኔትወርኩ ይሄዳል። ሌላ ቀን ተመለስኩ። ሲስተሙ አለ፣ ባለሙያው ግን ስክሪኑን አየና "አካውንትህ የተከፈተው አጋሮ ነው፣ እዚያ ሂድ" አለኝ። ብር ላስገባ ስመጣ አጋሮ ሂድ ብሎኝ አያውቅም። ብድር ልጠይቅ ብመጣም አይለኝም ነበር። ስቸገር ነው አጋሮ ትዝ ያለው።

ሄድኩ። አጋሮ ሩቅ አይደለም፤ ግን ሱቅ ዘግቶ የሚሄድ ሰው ቀኑ ሙሉ ነው የሚቃጠለው። እዚያ ያገኘሁት ሰውዬ መታወቂያዬን ገለባብጦ አየና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ይሄ እኮ በሲስተም የሚታይ ነው። ጅማ መጨረስ ትችል ነበር።" ሁለቱ ቅርንጫፎች የአንድ ባንክ ናቸው። ምልክታቸው አንድ ነው፣ ግድግዳቸው በአንድ ቀለም ነው የተቀባው። ስልክ ተደዋውለው እኔን ከመሀል ማውጣት ምን ያህል ከባድ ነው?

ጅማ ተመለስኩ። በዚህኛው ቀን መስኮት ላይ የነበረችው ልጅ ወጣት ናት፤ ገና የገባች ትመስላለች። መታወቂያዬን አየች፣ ስክሪኑን አየች፣ እንደገና መታወቂያዬን አየች። ከዚያ ሌላው ሁሉ ያላደረገውን አደረገች። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። "ወንድሜ፣ ይሄ ያንተ ነው?" ጠቋሚው የቆመው የልደት ቀን ላይ ነው። ሴፕቴምበር 15፣ 1990 ይላል።

ወዲያው ገባኝ። አካውንቱን የከፈተልኝ ሰው መስከረምን ሴፕቴምበር ብሎ፣ ቀኑን እንዳለ ገልብጦ፣ ዓመቱ ላይ ስምንት ደምሮ አልፏል። በቃ። ይህ ብዙ ቦታ የሚደረግ ነገር ነው፤ ስለዚህ ልብ በሉ። በእኛና በፈረንጆች አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ዓመቱን ሙሉ ስምንት አይደለም። ከመስከረም አንስቶ የፈረንጆቹ ዲሴምበር እስኪያልቅ ድረስ ልዩነቱ ሰባት ነው። ስምንት የሚሆነው ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ነው። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር የተወለደ ሰው ዓመቱ ላይ ስምንት ከተደመረለት በወረቀት ላይ አንድ ዓመት አነሰ ማለት ነው። በዚያ ላይ መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ነው እንጂ ሴፕቴምበር 1 አይደለም። ቀኑን እንዳለ የሚገለብጥ ሰው አሥር ቀን ያህልም ይሰርቃል። እኔ ስልክ ላይ በትክክል ማስላቴ ነው የጎዳኝ። እንደ እነሱ አሳስቼ ብናገር ያልፍልኝ ነበር።

ልጅቷ ልታስተካክል ብትፈልግም ሥልጣን የላትም። ማናጀሩ ጋ ወሰደችኝ። እሱ ደግሞ ሌላ ነገር አገኘ። የአባቴ ስም በ"ጨ" ይጀምራል። ባንኩ በእንግሊዝኛ ሲጽፈው በሁለት ፊደል ነው፣ "ሲ" እና "ኤች"። የቀበሌ መታወቂያዬ ግን በአፋን ኦሮሞ ነው። በቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ "ጨ" ማለት "ሲ" ብቻዋን ናት፤ "ኤች" ከተጨመረባት "ቸ" ትሆናለች። አናባቢውም በቁቤ ሲረዝም ይደረባል። ማናጀሩ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ "ይሄ የሁለት ሰው ስም ነው" አለኝ። ጅማ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው! የሱም መታወቂያ ከእኔ አይለይም። "ጋሼ፣ እርስዎስ ስንት ሰው ነዎት?" ልለው ምላሴ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ሥራዬ በእጁ ነው። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው ናቸው የሚል ደብዳቤ ከቀበሌ አምጣ አለኝ። ቀበሌ ደግሞ የሚፈርመው ሰውዬ ስብሰባ ላይ ነው። ስብሰባው መቼ እንደሚያልቅ እግዜር ይወቀው።

የገላገለኝ ፋይዳ ነው። ፋይዳ ላይ የልደት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፏል፣ ስምም በአማርኛና በእንግሊዝኛ አለ። ያንን ይዤ ስመለስ ማናጀሩ የቀበሌውን ደብዳቤ ነገር ወደ ጎን ተወው። እንዲህ ከሆነ ለምን አስለፋኝ? አልጠየቅኩትም። የማስተካከያ ፎርም ሞላሁ፣ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተላከ፣ ቆይቶ ተስተካከለ። ከዚያ በኋላ ፒኑን ለመቀየር የወሰደው ጊዜ ቡና ተቀድቶ እስኪበርድ አይሞላም።

አሁን ምክሬን ልበል፤ ባንኮች የማይወዱትም አለበት።

አካውንታችሁ ደህና እያለ፣ ምንም ሳይቸግራችሁ፣ አንድ ቀን ገብታችሁ "ስሜንና የልደት ቀኔን አሳዩኝ፣ ከፋይዳዬ ጋር አገናኙልኝ" በሉ። ስልክ ቁጥሩንም ተመልከቱ። የማረጋገጫ ኮድ የሚላከው አካውንቱን ስትከፍቱ በሰጣችሁት ቁጥር ነው። ያ ሲም ጠፍቶ ከሆነ ወይ ለረጅም ጊዜ ስላልሠራ ለሌላ ሰው ተሸጦ ከሆነ፣ ኮዱ የሚደርሰው ለማታውቁት ሰው ነው።

ሁለተኛ፣ ፒናችሁን ጻፉት። "በፍጹም በወረቀት እንዳትጽፉ" የሚለው ምክር ሁሉንም ቁጥር በቃሉ ለሚይዝ ሰው ነው። እኔ አሁን ቤት ውስጥ፣ የካርታና የልደት ወረቀት ከሚቀመጡበት ሳጥን፣ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ። ቦርሳ ውስጥ አይደለም፤ ስልክ ውስጥ "ፒን" በሚል ስም የተቀመጠ ማስታወሻም አይደለም። ሌባ የሚፈልገው ስልካችሁን ነው፣ የአያታችሁን ሳጥን አይደለም።

በየሦስት ወሩ ፓስወርድ ቀይሩ የሚሉትንም አልሰማም። የአሜሪካው የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ራሱ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ተሰርቋል የሚያስብል ምልክት ከሌለ በየጊዜው ቀይሩ ብሎ ማስገደድ አያስፈልግም ብሏል። በየጊዜው የሚቀይር ሰው መጨረሻው ላይ 1 የነበረውን 2 ነው የሚያደርገው።

ስድስት አሃዝ አይያዝልኝም ለሚል ሰው መጽናኛ አለኝ። በ1967 እ.ኤ.አ. ለንደን ኤንፊልድ የተተከለውን የባርክሌይስ ባንክ ገንዘብ መክፈያ ማሽን የፈለሰፈው ጆን ሼፐርድ ባሮን፣ መጀመሪያ ያሰበው ስድስት አሃዝ ነበር። ባለቤቱ ግን "እኔ የሚያዝልኝ አራት ብቻ ነው" ስላለችው አራት አደረገው። እንደ ቴሌብር ያሉት ዛሬ ስድስት የሚጠይቁን ያለ ምክንያት አይደለም። አራት አሃዝ 10,000 ዓይነት ቁጥር ነው የሚሰጠው፤ ስድስት ደግሞ 1,000,000። የልደት ዓመታችሁን ካደረጋችሁት ግን ሁለቱም ያው ናቸው።

"የድሮውን ንገሩኝ" ብላችሁም አትከራከሩ። በደህና ሲስተም ሠራተኛው የድሮውን ፒን ማየት አይችልም፤ አዲስ እንድታወጡ ብቻ ነው የሚያደርገው። የድሮ ፒናችሁን ወይ ፓስወርዳችሁን አንብቦ የሚነግራችሁ ድርጅት ካለ ብራችሁን ከዚያ አውጡ። "ከባንክ ነው፣ የደረሰህን ኮድ ንገረኝ" ብሎ የሚደውልላችሁ ደግሞ ሌባ ነው፤ ምንም ያህል ስማችሁን ቢያውቅ።

አንድ ያየሁት ነገር አለ። ሰልፍ ላይ ከፊቴ የነበሩ አባት፣ ቡና ሸጠው የመጡ መሰለኝ፣ ቁጥሩን ራሳቸው መንካት አልቻሉም። "ልጄ፣ አንቺው አስገቢልኝ" ብለው አሃዞቹን አንድ በአንድ ጮክ ብለው ጠሩ። ሰልፉ ሁሉ ሰማ። ልጅቷ ደነገጠች፣ ግን አስገባችላቸው፤ ምን ታድርግ? ለማንም አትንገሩ የሚለው ሕግ ለእሳቸው አይሠራም። እንዲህ ያለ አባት ወይ እናት ካላችሁ፣ ከቤት አንድ የሚታመን ልጅ ይመረጥ፣ ቁጥሩን እሱ ብቻ ይወቅ። ሰልፍ ላይ ጮክ ተብሎ ከመነገሩ ይሻላል።

ቅርንጫፍ የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ገና ሲከፈት ሂዱ፤ ዋናውንም ኮፒውንም ይዛችሁ። ሐሙስ ግን አይሞከርም። የጅማው የሂርማታ ገበያ ቀን ነው፣ ሰልፉ በር ያልፋል።