የሰባት ወር እርጉዝ ሆና ደረጃ ማጠብ

ዛሬ አንዷን ጓደኛዬን ይዤ እዚህ ሊባኖስ፣ ቤይሩት አጠገብ ቡርጅ ሐሙድ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ነበር፣ ሰባት ወሯ ነው፣ ኢቃማ (መኖሪያ ፈቃድ) የላትም፣ ከማዳሟ፣ ማለት ከአሠሪዋ ቤት ከወጣች ወዲህ በፍሪላንስ፣ ያለ ቋሚ አሠሪ ነው የምትሰራው። እግሯ ከማበጡ የተነሳ ጫማ አልገባ ብሏት በነጠላ ጫማ ነው የመጣችው። ደም ግፊቷ ሲለካ የነርሷ ፊት ልውጥ አለ፣ ደግማ ለካቻት፣ ያው ከፍ ያለ ነው። ማረፍ አለብሽ አለቻት። በምን ትረፍ? የቀን ሥራ እኮ ነው፣ አንድ ቀን ከቀረች በቃ ሌላ ሰው ይተኩባታል።

ሥራዋ ደግሞ የፎቅ ደረጃና ሽንት ቤት ማጠብ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ሊፍት የለም፣ ባልዲዋን ተሸክማ ትወጣለች። በረኪናውን ከአሲድ ጋር ቀላቅይ ይሏታል፣ ሲቀላቀል የሚወጣው ጋዝ ለጤነኛ ሳንባም መርዝ ነው እኮ፣ እሷ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ለሁለት ነፍስ ትተነፍሰዋለች።

እኔን የሚያንገበግበኝ ህጉ ነው። የሊባኖስ የሥራ ህግ ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንቀጽ 7 ላይ የቤት ሠራተኛን ጭራሽ አውጥቷታል። በከፋላ፣ በስፖንሰር አሠራሩ ማለት ነው፣ ደግሞ መኖሪያ ፈቃድሽ ከአሠሪሽ ጋር የታሰረ ነው፣ ጥለሽ ከወጣሽ ህገወጥ ነሽ፣ ይቺም ኬላ ላይ ይይዙኛል እያለች የእርግዝና ክትትል ሳትጀምር ሰባት ወር ገባች።

እህቶቼ፣ እርጉዝ ሆናችሁ ከባድ ራስ ምታት፣ ዓይን ብዥ ማለት፣ የፊትና የእጅ እብጠት ወይ ደም ካያችሁ ሥራው ይቅርባችሁ፣ ዛሬውኑ ታዩ። ብቻችሁን ከፈራችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።