ስማርት ቦርዱን ከመግዛታችሁ በፊት መሬቱን ቆፍሩ

ጅማ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባለ 75 ኢንች ስማርት ቦርዶች አስገብቻለሁ። ይህን የምጽፈው ሻጩም፣ የግዥ ኮሚቴውም፣ ከዕቃው ጋር የመጣው መመሪያም ቁብ ያልሰጡት አንድ ጉዳይ ስላለ ነው፦ ኧርዝ፣ ማለትም የሾለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው መስመር። ስለ ስክሪኑ ጥራትና ስለ ንክኪው ብዛት የማያወራ የለም። ሶኬቱ ውስጥ ያለችው ሦስተኛዋ ሽቦ መጨረሻዋ የት እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጠፋ።

ቀላል ቀላሉን በቶሎ ላሳልፈው።

መጠኑን መወሰን ያለበት የመጨረሻው ዴስክ ነው። የምስሉን ቁመት በ6 አባዙት፤ ከዚያ ርቆ የተቀመጠ ተማሪ ተራ ጽሑፍ ለማንበብ ይቸገራል። ባለ 65 ኢንቹ ቁመቱ 81 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ እስከ 4.9 ሜትር፣ ባለ 75 ኢንቹ 93 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ እስከ 5.6 ሜትር፣ ባለ 86 ኢንቹ 107 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ እስከ 6.4 ሜትር ያደርሳል። ክፍሉ ወደ ኋላ 8 ሜትር ከሆነ ባለ 86ቱም አይበቃም፤ ፊደሉን ማተለቅ ወይም ዴስኮቹን ማስጠጋት ነው። «20 ጣት በአንዴ ይቀበላል» ለሚለው ተጨማሪ ብር አትክፈሉ። ቦርዱ ፊት ከሦስት ልጅ በላይ አይቆምም።

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካርቶኑ ቆሞ ይጫን። አይሱዙ ላይ አስተኝተው ከላዩ ሌላ ዕቃ ከደረቡበት፣ ወሊሶና ወልቂጤን አልፎ የጊቤን ሸለቆ ወርዶ እስኪወጣ መስታወቱ ተርፎ መምጣቱ እንጃ። ካርቶኑ ሳይከፈት፣ ስክሪኑም በርቶ ሳይታይ ሞዴል 19 (የንብረት መረከቢያ ደረሰኝ) ላይ አትፈርሙ፤ ንብረት ክፍሉ ቢቆጣም ይቆጣ።

ባለ 75 ኢንቹ ከ50 እስከ 60 ኪሎ ይመዝናል። የብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፕላስቲክ ፊሸር አይዝለትም። ግድግዳውን አሳልፋችሁ ቀዱ፤ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥርሳም ዘንግ አስገቡ፤ ከጀርባ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ የ5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ደግፋችሁ በዳዶ እሰሩት። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ጭራሽ አትሞክሩ፤ ብየዳ ቤት ወለል ላይ የሚቆም የብረት መቆሚያ አሠሩ።

አብዛኞቹ ቦርዶች ጣት የት እንዳረፈ የሚያውቁት በፍሬሙ ጠርዝ ዙሪያ በተደረደሩ የኢንፍራሬድ መብራቶች ነው። የጠመኔ ብናኝ እዚያ ጠርዝ ላይ ሲጠራቀም ቦርዱ ማንም ሳይነካው ይጽፋል። ስለዚህ ጥቁር ሰሌዳውን ከአጠገቡ አንሡና በማርከር ሰሌዳ ተኩት፤ ጠርዙንም በየሳምንቱ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። በመስኮት የሚገባ ቀጥተኛ ፀሐይም ያንኑ ያደርጋል፤ መድኃኒቱ ወፍራም መጋረጃ ነው።

ላፕቶፕ አገናኝተው «ምስሉ ይመጣል፣ ንክኪው ግን አይሠራም» የሚሉ መምህራን የኤችዲኤምአይ ገመዱን ብቻ ሰክተው ነው። ንክኪው በዩኤስቢ ገመድ ነው የሚሄደው፤ እሱም ያለ ማጉያ ከ5 ሜትር በላይ አይታመንም። በአማርኛ የተዘጋጀ ፓወር ፖይንት ደግሞ ቦርዱ ላይ ባለው አንድሮይድ ሲከፈት ፊደሉ ይቀየራል፣ መስመሩ ይፈርሳል፤ ኒያላና ኢብሪማ የዊንዶውስ ፊደላት ናቸውና። ወደ ፒዲኤፍ ቀይራችሁ አምጡት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

ምልክቶቹ ሦስት ናቸው። የቦርዱን የብረት ፍሬም በእጅ ጀርባ ሲነኩት ቅልል ያለ ንዝረት አለው። ላፕቶፕ ሲሰካ ንክኪው ይዘላል፣ ሲነቀል ይስተካከላል። ከዚያ አንድ ቀን የኤችዲኤምአይ መግቢያው ይሞታል። እኛ ጋ ሻጩ «የፋብሪካ ችግር ነው» ብሎ ማዘር ቦርዱን ቀየረ፤ አዲሱም ዞሮ ዞሮ ያንኑ አመል አወጣ። ቦርዱ ግን ምንም አልነበረበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቦርዱ ፓወር ሰፕላይ መግቢያ ላይ ሁለት ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ አንዱ ከፌዝ (ኤሌክትሪክ ከሚያመጣው ሽቦ)፣ ሌላው ከኒውትራል (ከመመለሻው ሽቦ) ወደ ብረት አካሉ የተያያዙ። ኧርዝ ካለ የሚሾልከው ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ማንም አያውቀውም። ኧርዝ ከሌለ አካሉ በፌዝና በኒውትራል መካከል ይንሳፈፍና 110 ቮልት አካባቢ ይቀመጣል። የሚፈሰው ኤሌክትሪክ ትንሽ ስለሆነ አይገድልም። ነገር ግን በሌላ መስመር የተሰካ ላፕቶፕ ወይም ድምፅ ማጉያ በኤችዲኤምአይ ሲገናኘው ልዩነቱ በገመዱ ቀጫጭን ጫፎች በኩል ይፈሳል፤ የመግቢያው ቺፕ የሚቃጠለው ያኔ ነው።

ሶኬቱ የኧርዝ ምላስ አለው፤ ይህ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። በተለይ በ1990ዎቹ መጨረሻ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት የገባባቸው ክፍሎች ውስጥ የቀሩትን አሮጌ መስመሮች አትመኑ። እኔ የከፈትኳቸው ሶኬቶች ከፊት ምላስ ነበራቸው፣ ከኋላ ግን ሁለት ሽቦ ብቻ። ርካሽ ዲቫይደርም እንደዚሁ ነው፤ ሦስት ቀዳዳ ያሳያችኋል፣ ሲፈታ ሦስተኛው ባዶ ነው።

ይህን ለማስተካከል የመጣው ኮንትራክተር ያደረገውን ልንገራችሁ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል። ሶኬቱን ፈታ፣ ከኒውትራሉ አንዲት አጭር ሽቦ ቀጥሎ ከኧርዙ ምላስ ላይ አሰረ፣ ክዳኑን መለሰ። ንዝረቱ ወዲያው ጠፋ። ንክኪውም ተስተካከለ። ርክክብ ኮሚቴው እጁን ፍሬሙ ላይ እያሳረፈ ተደሰተ፤ ቅጹ ላይ «ኧርዝ፦ አለ» ተብሎ ምልክት ተደረገ። ስቃወም የተሰጠኝ መልስ «ጅማ ሁሉ የሚሠራው እንዲህ ነው» የሚል ነበር።

ይህች ሽቦ ገዳይ ናት። ከቆጣሪ እስከ ክፍሉ ባለው መንገድ የሆነ ቦታ ኒውትራሉ ቢላላ ወይም ቢበጠስ፣ በፌዝ ገብቶ መመለሻ ያጣው ኤሌክትሪክ በዚያች ሽቦ በኩል የቦርዱ ብረት ላይ ይወጣል፤ ፍሬሙ 220 ቮልት ይሆናል። ወይም አንድ ሠራተኛ ቆጣሪው ጋ ሲጠግን ፌዝና ኒውትራል ቢያቀያይር፣ ፍሬሙ ያኔውኑ ፌዝ ነው። በሁለቱም ጊዜ ብሬከሩ አይወርድም። ተማሪ ግን ይነካዋል። ምንም ኧርዝ ከሌለው ቦርድ ይልቅ እንዲህ «የተስተካከለው» ይብሳል። በፊት ንዝረቱ ያስጠነቅቅ ነበር፤ አሁን ዝም ብሏል።

ማጋለጫው ቀላል ነው። በማልቲሜትር በኒውትራልና በኧርዝ መካከል ለኩ፤ ከዚያ በዚያው መስመር ላይ 2 ኪሎ ዋት ገደማ የሚስብ የውሃ ማፍያ አብሩ። ኧርዙ ለብቻው ከመጣ ንባቡ በጥቂት ቮልት ከፍ ይላል። ማፍያው እየሠራ ድርቅ ብሎ ዜሮ ላይ ከቀረ፣ ሶኬቱ ውስጥ ተቋጥሯል ማለት ነውና ቆጣሪው ጋ አጥፍታችሁ ፍቱት፣ በዓይናችሁ እዩ።

ትክክለኛው ሥራ ጉድጓድ ነው። መጀመሪያ ግን ነባር ኧርዝ አለ ከተባላችሁ ቆፍራችሁ እዩ። እኛ ጋ በሲሚንቶ ክዳን ሥር ያገኘነው በክንድ ልክ የተቆረጠ ባለ 12 ፌሮ ነበር፤ ዝገቱ በጣት ይላጣል። በወረቀት ግን «የመዳብ ዘንግ» ነው።

መዳብ የተለበጠ፣ 16 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 1.5 ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ ግዙ። ጫፉን በመጋዝ ቆረጥ አድርጋችሁ ልባጩን እዩ፤ ቀለም ብቻ የተቀባ ብረት ይሸጣል። የጅማ ቀይ ሸክላ አፈር እርጥበት ስለሚይዝ ለዚህ ሥራ መጥፎ አይደለም። ያም ሆኖ አንድ ዘንግ አይበቃም። የአፈሩ መቋቋም 60 ኦም ሜትር ቢሆን፣ አንዱ ዘንግ በስሌት 36 ኦም ገደማ ይሰጣል (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኧርዙ ይሻላል)። ሁለት ቢደረግ 20 አካባቢ፣ ሦስት ቢደረግ 14 አካባቢ ይወርዳል። ከ10 ኦም በታች ለማውረድ አምስት ገደማ ያስፈልጋል። በዘንጎቹ መካከል ያለው ርቀት ቢያንስ የርዝመታቸው እጥፍ፣ ማለትም 3 ሜትር ይሁን፤ ካጠጋጋችኋቸው ያንኑ አፈር ይሻማሉ፣ ብሩ ይባክናል። አያይዟቸው በ16 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ባዶ የመዳብ ሽቦ፣ በነሐስ ማሰሪያ። በመዳፍ የተጠመዘዘ ሽቦ አንድ ክረምት አይሻገርም።

ጨውና ከሰል የሚለውን የቆየ ዘዴ ሁሉም ይመክራችኋል፤ አንዳንድ መሐንዲስም ጭምር። ከሰሉ ይሁን። ጨው ግን በዚህ ከተማ ዝናብ ታጥቦ ይሄዳል፤ እስኪሄድ ድረስም ማሰሪያውን ይበላል። ከተገኘ ቤንቶናይት (እርጥበት የሚይዝ የሸክላ ዱቄት) ይሻላል።

ለማረጋገጥ የኧርዝ መለኪያ መሣሪያ ተዋሱ። ሁለቱ ረዳት ችንካሮች በአንድ መስመር ይተከላሉ፤ ሩቁ በ40 ሜትር ከሆነ የመካከለኛው ቦታ ከዘንጉ 25 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በሐምሌ የተለካ ቁጥር ያስደስታል፣ አያስተማምንም። በጥር፣ አፈሩ በደረቀበት ለኩ። መሣሪያው ከጠፋ፣ አርሲዲው (ኤሌክትሪክ ሲሾልክ በራሱ የሚቆርጠው መሣሪያ) ከመገጠሙ በፊት ባለሙያ ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖል በፌዝና በኧርዝ መካከል ያብራ። ኒውትራል ላይ እንደሚበራው ከበራ ኧርዙ በመጠኑ ይሠራል፤ ከፈዘዘ አይሠራም። ሙከራው ሲደረግ ማንም የኧርዙን ሽቦ እንዳይነካ፤ ደካማ ከሆነ ራሱ ፌዝ ይሆናል።

አሁን የምለውን ብዙ ኤሌክትሪሽያን አይቀበለኝም፦ ሰው የሚያድነው ኧርዙ ብቻውን አይደለም። 10 ኦም ኧርዝ ላይ ፌዝ ቢነካ የሚፈሰው 22 አምፔር ነው። ባለ 16 አምፔር ብሬከር በቅጽበት እንዲወርድ ቢያንስ 80 አምፔር ይፈልጋል፤ ስለዚህ ብዙ ደቂቃ ዝም ብሎ ይቆያል። ለዚህ ነው በየክፍሉ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ የግድ የሚሆነው፣ ቢቻል «ኤ» የሚባለው ዓይነት። ለመላው ሕንፃ አንድ አርሲዲ አታድርጉ። የየቦርዱና የየላፕቶፑ ጥቃቅን ሹልከት ሲደመር ያለ ምክንያት ያወርደዋል፤ ያኔ ዘበኛው መጥቶ በሽቦ ያልፈዋል። እውነተኛው የኧርዝ ሽቦ ከተገናኘ በኋላ በኒውትራል የተቋጠረ ሶኬት ቀርቶ ከሆነም ጭነት ሲበዛበት አርሲዲው ይወርዳል፤ ያቺን ሽቦ ማደኛም ይሆናችኋል።

የመብረቅ መከላከያም የሚሠራው ኧርዝ ካለ ነው። ማከፋፈያ ሳጥኑ ውስጥ ሲገጠም የሽቦው ርዝመት በድምሩ ከ50 ሴንቲ ሜትር አይለፍ። እሱም ቢኖር፣ ጅማ ላይ ሰማዩ ሲያጉረመርም ፓወሩም፣ የኔትወርክ ገመዱም፣ ኤችዲኤምአዩም ይነቀል።

ስታቢላይዘር ግዙ የሚለውን የዝርዝር መግለጫ እኔ ሰርዤዋለሁ። የቦርዱን ጀርባ አንብቡ፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት ከተባለ መብራት ቢደክምም ግድ የለውም። የሚጎዳው መብራት ሲመለስ ወይም ኒውትራል ሲበጠስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልት ነው፤ ለዚያ ከ250 ቮልት በላይ ቆርጦ 3 ደቂቃ ጠብቆ የሚመልስ መከላከያ በርካሽ ይገኛል። ቦርዱ ውስጥ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ካለ 1500 ቪኤ ዩፒኤስ ጨምሩ፤ ትምህርቱን ለመቀጠል ሳይሆን በወጉ ለማጥፋት።

የግዥ ጥያቄውን ስትጽፉ ዘንጉን፣ የመዳብ ሽቦውን፣ አርሲዲውንና ቁፋሮውን ከቦርዱ ጋር በአንድ ሰነድ አስገቡ። ለብቻው ከሄደ «ግንባታ» ተብሎ ወደ ሌላ የበጀት ርዕስ ይዞራል፤ ቦርዱ ተሰቅሎ ኧርዙ ለከርሞ ይቆያል። ክፍያው ላይም «ኧርዝ ተሠርቷል» አትቀበሉ። «በጥር ወር ርክክብ ኮሚቴው በተገኘበት ተለክቶ ከ10 ኦም ያልበለጠ» ብላችሁ ጻፉ፤ እስከዚያ የመጨረሻውን ክፍያ ያዙ።