የመርከበኛ እናቶች

ዛሬ ስልኬ ከእጄ አልወረደም። የጓደኛዬ ልጅ ያለበት መርከብ ግንኙነቱ ተቋርጧል። በአሜሪካ ባሕር ኃይል ይሄን «ሪቨር ሲቲ» ይሉታል፤ ለደህንነት ሲባል ኢሜይልም ስልክም ይገደባል። እናት ግን ይሄን ብታውቅም ሆዷ አያርፍላትም። የት እንዳለ መጠየቅም አይቻል፤ የመርከብ ጉዞ ቀንና ቦታ አይወራም። ስለዚህ ስለ ሌላ ሌላው ስናወራ ዋልን።

የተዋወቅነው ልጆቻችን ኢሊኖይ፣ ግሬት ሌክስ ሲሠለጥኑ ነው። ምልምል መርከበኛ ሁሉ የሚሠለጥነው እዚያ ነው። ስልክ እንደ ልብ የለም፤ ደብዳቤ መጠበቅ ነው። የመጨረሻው ፈተና፣ «ባትል ስቴሽንስ»፣ ሌሊቱን ሙሉ ነው። ሲያልፉ «ምልምል» የሚለውን ኮፍያ አውልቀው «ኔቪ» (ባሕር ኃይል) የሚለውን ያደርጋሉ። ያን ሌሊት እኔና እሷም በስልክ ስናወራ አደርን። (የእኛን ኮፍያ ማንም አልሰጠንም!)

ዘመዶቼ «ደህና ነው፣ አታስቢ» ይሉኛል። በፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። እሷ ግን «እኔም አልተኛሁም» ነው የምትለኝ። ለእኔ ይሄ ይሻለኛል።

ማምሻውን ደወለች። ልጇ ኢሜይል ጽፏል፤ ሁለት መስመር ብቻ። አንዱ «ካልሲ ላኪልኝ» ይላል። ነገ አብረን ካልሲ ልንገዛ ነው።