ከቃኘው የመጣው አምፕ

ደሴ፣ ሆጤ ባለችው ክፍሌ ውስጥ ሁለት አምፕ፣ ማለትም የጊታር ድምፅ ማጉያ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁለት ሳምንት ሰነበቱ። ሁለቱም ባለ ቲዩብ ናቸው፤ እንደ ድሮ ሬዲዮ በመስታወት ቱቦ የሚሠሩ። ሁለቱም ፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ፣ 22 ዋት፣ አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር። አንደኛው እ.ኤ.አ. የ1969 ነው። ሌላኛው ፌንደር የ1965ቱን ሞዴል መልሶ ያመረተው፣ እኛ ጊታሪስቶች ሪኢሹ የምንለው ነው። ገንዘቤ የሚበቃው ለአንዱ ብቻ ነበር።

አዲሱ የጓደኛዬ ነው። ኮምቦልቻ ነው የሚኖረው፣ ወደ ውጭ ሊሄድ ስለሆነ ይሸጠዋል። "ወስደህ ሞክረው፣ ካልተስማማህ ትመልሳለህ" አለኝ። ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌው ሐረጎን ወጣሁ። 19 ኪሎ ነው። መንገዱ ባንገጫገጨን ቁጥር ውስጡ ያለው የሪቨርብ ስፕሪንግ፣ ድምፁን የሚያስተጋባው፣ ይንሿሿል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት "ምንድን ነው ልጄ፣ ሰሃን ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

አሮጌውን ያገኘሁት እዚሁ ደሴ፣ አንድ ሳሎን ጥግ ነው። ዳንቴል ለብሶ፣ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦበት። የቤቱ ባለቤት በንጉሡ ዘመን አሥመራ ጊታር ይጫወቱ ነበር። ያኔ ቃኘው የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር ነው። ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ወታደር ሸጠላቸው። እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል። እትዬ፣ ባለቤታቸው፣ አምፑን ለሚጫወትበት ሰው ካልሆነ አልሸጥም ብለው ይዘውት ኖረዋል። የጠየቁኝ ብር የአዲሱን ግማሽ አይሞላም።

ዕድሜውን ያወቅነው በባትሪ መብራት ነው። ትራንስፎርመሩ ጎን ላይ ቁጥር ታትሟል፤ በ606 ይጀምራል፣ ቀጥሎ 9፣ ቀጥሎ 14። 606 ሹማከር የሚባለው የትራንስፎርመር ፋብሪካ መለያ ነው። 9 ዓመቱ፣ 14 ሳምንቱ። ችግሩ 9 ብቻ ሲጻፍ 69 ይሁን 79 አይታወቅም። ያንን የፈታልን የስፒከሩን ጨርቅ የከበበው ቀጭን የአሉሚኒየም ጠርዝ ነው። ያ ጠርዝ በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ተሠርቶ ቀርቷል።

ስለ ፌንደር ያነበበ ሰው እዚህ ጋ ቅር ሊለው ይችላል። ሲቢኤስ የተባለው የብሮድካስት ኩባንያ ፌንደርን የገዛው በ1965 ነው። ከዚያ በኋላ የተሠሩት፣ ፊታቸው ብርማ የሆኑት፣ ጥራታቸው ወረደ ይባላል። ለአንዳንዶቹ ሞዴሎች እውነት ነው። ዴሉክስ ሪቨርብ ግን ብዙም አልተነካም። በዚህ ምክንያት ብቻ አሮጌ ዴሉክስ የሚንቅ ሰው ካለ፣ በእኔ በኩል ተሳስቷል።

አሁን ወደ ድምፁ። አንድ ጊታር፣ አንድ ገመድ፣ ሁለቱም ቮልዩማቸው አራት ላይ። በትዝታ ጀመርኩ፣ ቀስ ብዬ። አሮጌው ላይ አንዱን ክር ጠንከር አድርጌ ስመታው ድምፁ መጀመሪያ ሸብረክ ይልና ከዚያ ቀና ብሎ ያብባል። ይህን የሚያደርገው ሬክቲፋየሩ፣ ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረው ክፍል፣ ቲዩብ መሆኑ ነው። በኃይል ሲመታ ቮልቴጁ ለቅጽበት ይወርዳል፣ ከዚያ ይመለሳል። አዲሱም ባለ ቲዩብ ሬክቲፋየር ስለሆነ ያው ጠባይ አለው። ብቻ ላይኛው ድምፁ ይወጋል፤ የቀጭኗ ክር ጫፍ ጆሮዬን ቆነጠጠኝ።

በዚህ ጊዜ አሮጌውን መርጬ ነበር። ማታ ተኝቼ ሳስብ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ስፒከራቸው የተለያየ ነው። ጠዋት ተነስቼ የአሮጌውን አምፕ የስፒከር ገመድ ከጀርባው ነቅዬ ከአዲሱ ስፒከር ጋር አገናኘሁት። ሁለቱም 8 ኦም ስለሆኑ ችግር የለውም። ከዚያ ገለበጥኩት፤ አዲሱን በአሮጌው ስፒከር አጫወትኩት። በእኔ ጆሮ ከልዩነቱ ግማሹ እዚያው ጠፋ። የስፒከር ድምፅ የሚወጣው ከሚንቀጠቀጥ ወረቀት ነው፤ ሃምሳ ዓመት የተንቀጠቀጠ ወረቀት ይለሰልሳል፣ አዲስ ወረቀት ደረቅ ነው። "የድሮ ዕቃ ነፍስ አለው" የሚባለው ነገር፣ ቢያንስ ግማሹ፣ የለሰለሰ ወረቀት ነው። ይህን ሳትሞክሩ ገንዘብ አታውጡ።

ሪቨርቡ ላይ ብዙ ቆየሁ፤ ለእኛ ሙዚቃ ትልቅ ነገር ስለሆነ። ባቲና አምባሰል የእኛው የወሎ አገሮች ስም ናቸው፣ ቅኝቶቹን እዚህ ማንም ሕፃን ያውቃቸዋል። ባቲ በእኔ ጆሮ ሪቨርብ ይወዳል። አንቺ ሆዬ ግን በጣም የተጠጋጉ ድምፆች አሉት። የመጀመሪያው ድምፅ ስፕሪንጉ ውስጥ ገና ሳይሞት ቀጣዩ ይመጣበታል፣ ሁለቱ ይጋጩና ይንቀጠቀጣሉ። በአዲሱ አምፕ ሪቨርቡን ከሁለት በላይ ስከፍተው አንቺ ሆዬ ይደፈርስብኛል። በአሮጌው እስከ ሦስት ተኩል ሄድኩ። የአሮጌው ስፕሪንግ ደክሞ ይሁን ወይም በተፈጥሮው አጭር፣ ድምፁ ቶሎ ይከስማል። ለእኔ ያ ጥሩ ነው።

የወሰንኩት በድምፁ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን እስካሁን ሳልወስን እገኝ ነበር።

አራዳ አካባቢ ሬዲዮ የሚሠሩ አንድ አዛውንት አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። የቲዩብ ሬዲዮ ሲሠሩ ነው ያደጉት። ሁለቱንም አምፕ ተሸክሜ ሄድኩ። አሮጌውን ከመንካታቸው በፊት ካፓሲተሮቹን፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን፣ በሬዚስተር አራገፉ። "ከሶኬት ነቅለኸውም ይገድልሃል፣ እጅህን እንዳትሰድ" አሉኝ። ከ400 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ከዚያ ሻሲውን፣ ክፍሎቹ የታሰሩበትን ብረት፣ ገልብጠው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አወጡና ዝም ብለው አዩት። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሰማያዊ ካፓሲተሮች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ እግሩ በናስ ቀዳዳ ገብቶ ከላይ ተበይዷል። ሽቦዎቹ በጨርቅ የተሸፈኑ ናቸው።

"ይሄ የሬዲዮ ሠሪ እጅ ነው" አሉ።

እውነታቸውን ነው። ሊዮ ፌንደር ካሊፎርኒያ፣ ፉለርተን በምትባል ከተማ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ነበረው። ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አልገረማቸውም።

አዲሱንም ከፈቱት። አላጣጣሉትም፤ "ንጹሕ ሥራ ነው" አሉ። ግን ክፍሎቹ በሙሉ የታተመ ቦርድ ላይ ናቸው። "እሠራዋለሁ። አንዷን ሬዚስተር ለመቀየር ግን ቦርዱን ነቅዬ መገልበጥ አለብኝ። መዳቡ ስስ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ካሞቅኩት ይላጣል። ይሄኛውን ግን ልጅህም ከላይ ነቅሎ ከላይ ይበይደዋል።"

ብዙ ሰው አሮጌውን የሚፈራው ቲዩቡ አይገኝም ብሎ ነው። ግን ሁለቱም አምፖች የሚበሉት ያንኑ ቲዩብ ነው፦ 12ኤኤክስ7፣ 12ኤቲ7፣ ሁለት 6ቪ6፣ አንድ ጂዜድ34። እነዚህ ዛሬም ሩሲያ፣ ስሎቫኪያና ቻይና ይመረታሉ። ደሴ አይሸጡም፣ ለአዲሱም ለአሮጌውም አይሸጡም። ከውጭ በሰው ነው የሚመጡት።

ያሳሰበኝ መብራቱ ነው። የአሜሪካ ዕቃ ስለሆነ አሮጌው ላይ 117 ቮልት የሚል ተጽፏል። እኛ ያለን 220 ነው። ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ትራንስፎርመር መግዛት ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ዲቫይደር ነው። የእኛ ዲቫይደር ክቡንም ጠፍጣፋውንም ስፒና ይቀበላል። ባለፈው ዓመት አንድ ሰርግ ላይ ከአሜሪካ የመጣ ኪቦርድ ይዘን ነበር። ሊያግዘን የፈለገ ልጅ ገመዱን ከትራንስፎርመሩ ነቅሎ ዲቫይደር ላይ ሰካው። ጭሱን እስካሁን ይሸተኛል። ሙሽሮቹ ሳይገቡ ኪቦርዱ አለቀ። ልጁ አለቀሰ፣ እኛም የምንለው አጣን። አዲሱ አምፕ 230 ቮልት ነው፣ የትም ብሰካው ይሠራል። ለሰርግ ሥራ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እዚህ ጋ ወደ አዲሱ አዘነበልኩ፣ ለጓደኛዬም ልደውልለት ስልኬን አውጥቼ ነበር።

ጋሼን ስነግራቸው "አብሽር" አሉኝ። መፍትሔያቸው የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር። የአምፑን ስፒና ቆርጠው ጣሉት። ገመዱን በቀጥታ ትራንስፎርመሩ ሣጥን ውስጥ አስገብተው በብሎን አሰሩት። አሁን የሚነቀል ነገር የለም። የሚሰካው አንድ ስፒና ብቻ ነው፣ እሱም የ220 ነው። ገመዱን ድሮ የሆነ ሰው ባለሁለት ሽቦ አድርጎት ነበር፤ ባለሦስት አድርገው ግራውንዱን ሻሲው ላይ አሰሩት። ከጀርባው ካለው የግራውንድ ማብሪያ ጋር የተያያዘች አንዲት ካፓሲተር አለች፣ እሷንም ቆርጠው አወጧት። እሷ ሾርት ከሆነች መብራቱ ወደ ጊታሩ ክር ይመጣል፣ ከንፈርህ ማይክ ሲነካ ትመታሃለች። በቆርቆሮ ክዳን ስር ያሉትን ትልልቆቹን ካፓሲተሮች በሙሉ ቀየሩ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ስለሆናቸው ደርቀዋል፣ አንዱ አፉ ላይ ነጭ ዱቄት አውጥቷል።

ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ተከፍቶ እንዲቆይ አደረጉ። ትራንስፎርመሩ ለ60 ሄርዝ የተሠራ ነው፣ የእኛ መብራት 50 ነው፣ ስለዚህ ከአገሩ የበለጠ ይሞቃል። በየሩብ ሰዓቱ መዳፋቸውን እያሳረፉበት አዩት። በመጨረሻ "እጅ ያስቀምጣል" አሉ። የሚያስቀምጥ ከሆነ ደህና ነው ማለታቸው ነው።

አዲሱን መልሼ ሐረጎን ወረድኩ። ጓደኛዬ አልከፋውም፣ ኮምቦልቻ ሌላ ገዢ አግኝቶለታል። ገዢው በየሳምንቱ በየከተማው የሚዞር ልጅ ነው፣ ጋሼ የሉትም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አዲሱን እገዛ ነበር።

ለእትዬ ቀሪውን ብር ይዤ ስሄድ አምፑንም ይዤ ሄድኩ። በነበረበት ጥግ አስቀምጬ ሰካሁት። ትንሽ አምባሰል ተጫወትኩ። ከጓዳ ቡናቸውን እየወቀጡ ነበር፣ ሙቀጫው ቆመ። ብቅ ብለው በሩ ላይ ቆመው አዳመጡ።

"ቀንሰው ልጄ" አሉኝ። "እሱ ሦስት ላይ ነበር የሚያደርገው።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከቮልዩሙ ቁልፍ አጠገብ፣ ሦስት ቁጥር ላይ፣ ቀለሙ በጣት ተፍቆ ሳስቷል። ሁለት ሳምንት ስጫወትበት አላየሁትም ነበር። ሦስት ላይ አደረግኩት።