የጠመንጃዬ ማንገቻ ጫካ ውስጥ ከተነቀለ በኋላ እንዴት እንደሰራሁት

የምኖረው ሚኒሶታ ነው፣ ኖቬምበር ሲመጣ ወደ ሰሜን ወጥቼ አጋዘን አድናለሁ። አምና በሶስተኛው ቀን እርጥብ በረዶ ላይ የወደቀ ግንድ ልሻገር እግሬን ሳነሳ ትከሻዬ ድንገት ቀለለኝ፣ ዞር ስል ከሰደፉ ስር ያለው ማንገቻው የሚያያዝበት ቪቴ ተነቅሎ ጠመንጃው ተገልብጦ አፈሙዙ በረዶ ውስጥ ተሰክቷል። ጥይት ጎርሶ ነበር፣ ሴፍቲው ተቆልፎ ስለነበረ ነው የተረፍኩት። አፈሙዙ ተደፍኖ ቢተኮስ ደግሞ ብረቱ (ጥይቱ የሚያልፍበት ቱቦ) ራሱ ሊፈነዳ ይችላል፣ ስለዚህ ጥይቱን አውጥቼ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ጠመንጃው ያገለገለ ነው፣ ሰደፉ ዋልነት የሚባል ጠንካራ እንጨት፣ ቪቴው ሲላላብኝ ስቴኪኒ በነጭ ኮላ ነክሬ ቀዳዳው ውስጥ ጠቅጥቄ አጠበቅኩት፣ በእጅ ሲሞከር ድንጋይ ነው የሚመስለው። ግን በየእርምጃው ያ ሁሉ ክብደት ሲወዘውዘው ስቴኪኒ ምን ይይዛል?

አዲስ አበባ አናጢ የሆነው ታላቅ ወንድሜ ጋ በቪዲዮ ደወልኩና ቀዳዳውን በባትሪ አሳየሁት፣ «እንጨቱ እኮ ዘይት ጠጥቷል፣ በዚህ ላይ ኮላ አይይዝልህም፣ መጀመሪያ ንጹህ እንጨት ድረስ ግባ» አለኝ። ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነው።

ቀዳዳውን በ3/8 ኢንች ፑንታ አሰፋሁት፣ ጥቁሩ እንጨት እስኪያልቅ፣ ከዛ አሴቶን በነካ ጥጥ ጠረግኩና አደረቅኩት። መድፈኛውን ከዋልነት ቁራጭ ነው የሰራሁት። ሱቅ የሚሸጠው ክብ እንጨት ጭረቱ (የእንጨቱ ክር) በቁመቱ ነው የሚሄደው፣ ቪቴው በጫፉ በኩል ስለሚገባ ጥርሱ ደካማ ነው የሚነክሰው፣ ስለዚህ ጭረቱ ከሰደፉ ጭረት ጋር በአንድ አቅጣጫ እንዲሆን አድርጌ ቆረጥኩት። ኢፖክሲ (ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚጠነክር ማጣበቂያ) ቀብቼ 24 ሰዓት ተውኩት፣ በ5 ደቂቃ የሚደርቀውን አልተጠቀምኩም፣ እንጨቱ ውስጥ ለመስረግ ጊዜ አያገኝም።

ለቪቴው በ5/32 ኢንች ፑንታ ነው የበሳሁት፣ ጥልቀቱ እንዳያልፍ ፑንታው ላይ ስኮች ጠቅልዬ፣ በቋሚ ትራፓን። መጀመሪያ በእጅ ትራፓን ሌላ እንጨት ላይ ሞክሬ ጠሞብኝ ነበር፣ እሱን ያየሁ ቀን ነው ሰደፉን በእጅ አልነካም ያልኩት። ከላይ የቪቴው ወፍራም አንገት የሚቀመጥበትን ትንሽ ማስፋት አለ፣ ይሄን የዘለለ ሰው እንጨቱ ይሰነጠቅበታል። ጥርሱን ሻማ አሸሁበት (ወንድሜ ሳሙና ነበር ያለኝ፣ እኔ ሳሙና እርጥበት ይስባል ብዬ ተውኩት)፣ በጆሮው (ማንገቻው በሚያያዝበት ቀዳዳ ያለው የቪቴው ራስ) ምስማር አሳልፌ ቀስ እያልኩ አዞርኩ፣ የጆሮው ቀዳዳ ወደ ጎን እስኪያይ፣ አለበለዚያ ማንገቻው ተጣሞ ነው የሚቀመጠው።

የፊተኛውን የማንገቻ ቪቴ ሳየው ደግሞ ሌላ ጉድ አገኘሁ። እሱ ዳዶ ያለው ነው፣ ጫፉ ረዝሞ ብረቱን እየነካ ነበር። በብረቱና በእንጨቱ መሀል ወረቀት ሳሳልፍ እዛ ጋ ይቆማል። ለካ ከተደገፍኩ በኋላ ስተኩስ የሚዛባብኝ በዚህ ኖሯል! ፈትቼ በሞረድ አሳጠርኩት፣ ሰማያዊውን ሎክታይት (ቪቴ እንዳይላላ የሚይዝ ማጣበቂያ) ጠብ አድርጌ መለስኩት፣ ወረቀቱ አሁን እስከ መጨረሻ ያልፋል።

ለመፈተን ባዶውን ጠመንጃ ሁለት ወንበር መሀል ጨርቅ ላይ አጋድሜ ከኋለኛው ቀለበት 25 ፓውንድ የጤፍ ከረጢት አንጠልጥዬ አደርኩ፣ ከስሩ ትራስ አድርጌ። ጠዋት ቪቴው አጠገብ በእርሳስ ያሰመርኩት መስመር እንዳለ ነው። አሁንም ከቤት ከመውጣቴ በፊት ያንን መስመር አየዋለሁ፣ በጣቴም ለማዞር እሞክራለሁ፣ ንቅንቅ ካለ ጠመንጃው እቤት ይቀራል።