በረኪናውን መልሰው

ከፋሲካ ጀምሮ አፈር ውስጥ የቀበርኩትን የበግ ጭንቅላት ዛሬ አወጣሁት። ለእህቴ ልጅ የሳይንስ ክፍል ነው። አጥንቱን ላነጣበት በረኪና ይዤ ግቢ ስወጣ ጡረታ የወጡት የባዮሎጂ መምህር ጎረቤታችን አዩኝ።

«ተው ልጄ! በረኪና አጥንት ይበላል። ውሎ አድሮ ይፈረፈርብሃል።»

«ላፍላው ታዲያ ጋሼ?»

«ፍላትማ ስቡን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ለብ ያለ ውሃና የዕቃ ሳሙና። ስቡ በተንሳፈፈ ቁጥር ውሃውን ቀይር። ሳምንታት ይፈጃል፣ አትቸኩል። ማንጫው መጨረሻ ላይ ነው፤ ፋርማሲ የሚሸጠው 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይበቃል።»

ከዚያ ቤታቸው ገብተው እሳቸው ያጸዱትን የበግ ጭንቅላት አጥንት ይዘው መጡ። ወደ ብርሃን አዙረው አፍንጫውን አሳዩኝ። ውስጡ እንደ ወረቀት የሳሱ አጥንቶች ጥቅልል ብለው ተቀምጠዋል። «የሚተነፍሰውን አየር የሚያሞቁለት እነዚህ ናቸው» አሉኝ። ጣቴን ላስጠጋ ፈራሁ። የላይኛው መንጋጋ ደግሞ የፊት ጥርስ የለውም! ይህን ሁሉ ዓመት በግ ስናርድ አንድ ቀን አፉን ከፍቼ አላየሁም።

በየበዓሉ ማግስት መንገድ ዳር የሚጣለው ጭንቅላት ትዝ አለኝ። ስንት ልጅ የአጥንትን ነገር ከመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ተምሮ ያልፋል።

ማታ ባልዲውን ከፍቼ አየሁት። ውሃው ላይ ቢጫ ስብ ተንሳፍፏል። ቀየርኩለት።